ከብልቃጡ ጋር ተጣብቆ የቀረው፦ ስለ ስታንሊ ሚለር የ1953 ጽሑፍ አነባበብ የቀረበ ሂስ

ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነኝ ተራ የእጅ ሥራ ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን የተጠራቀሙትን ባዶ ጠርሙሶች ለሌላ አገልግሎት እንድናጥብ ሦስት ተማሪዎች ታዘን ነበር። የስም ወረቀታቸው በሙቅ ውሃ ተነክሮ ለቀቀ፤ ሙጫው ግን አልለቀቀም። በሳሙና ብናሸው ይባስ ብሎ እንደ ማስቲካ እየተንከባለለ ከጣታችን ጋር ተጣበቀ። ከመካከላችን አንዱ እናቱ በቤት የሚያደርጉትን አስታውሶ በጨርቅ ጥቂት ላምባ ነክሮ ቢያሸው ጠርሙሱ ወዲያው ጠራ። በሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ግን ላምባው ምንም አልሠራም፤ ያን ያስለቀቀው አሴቶን ነው። ሦስተኛው በመስኮት አጠገብ ብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ስለ ነበረ በላምባም በአሴቶንም አልበገር ብሎ በመጨረሻ በምላጭ ተፋቀ።

በዚያው ሳምንት ለሴሚናር እንዳነብ የተሰጠኝ፣ አሜሪካዊው ስታንሊ ሚለር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሜይ 15 ቀን 1953 ያወጣው ጽሑፍ ነበር። (በዚህ ሂስ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ሙከራ ያልሰማ የሳይንስ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። እኔም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሥዕሉን በመማሪያ መጽሐፍ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ከታችም «አሚኖ አሲድ» ወደሚል ቃል የሚያመለክት ቀስት። ጽሑፉን ራሱን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንብቤው አላውቅም ነበር። ርዝመቱ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ባነበብሁትም ጊዜ በሥዕሉ ላይ ያልነበረ ነገር አገኘሁበት፤ ይኸውም ስም ያልወጣለት፣ ከብርጭቆው በወጣ ደቃቅ ነገር ላይ የተጣበቀ ቀይ ነገርና ለመለየት ያስቸገረ ቢጫ ነገር ነው።

የዚህ ሂስ ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሚለር ያየውን ጽፏል፤ እኛ አንባቢዎቹ ግን የጠራውን ወስደን የተጣበቀውን ጥለናል። የጣልነውም ነገር እንደ ትርፍ የሚቈጠር አይደለም፤ ሕይወት ከኬሚካዊ ነገር እንዴት ተገኘ ለሚለው ጥያቄ ዋነኛው ችግር እሱ ነው።

፩. ማስለቀቂያ ምን ይሠራል?

ወደ ሚለር ጽሑፍ ከመግባታችን በፊት ጠርሙሶቹ ያስተማሩንን ትምህርት ማስታወስ ይጠቅማል። በየቤቱ የሚጣበቅ ነገር የሚለቀቅባቸው መንገዶች ብዙ ቢመስሉም በአሠራራቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ማሟሟት ነው። እዚህ ላይ ያለው ሕግ «ዘመድ ዘመዱን ያሟሟል» የሚል ነው። የስም ወረቀት ሙጫ ብዙውን ጊዜ ጎማና የዛፍ ሙጫን የመሰለ ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ ጠባዩ የቅባት ነው፤ ስለዚህም ውሃ አይነካውም፤ ላምባ፣ ቤንዚን፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤም ቢሆን ያላላዋል። ሌላ ዓይነት ሙጫ ደግሞ ዘመዱ አልኮል ወይም አሴቶን ይሆናል። ሁለተኛው ማሳበጥ ነው። የሙጫው ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ መረብ እርስ በርሳቸው የተያያዙ እንደ ሆነ ማሟሚያው ገብቶ ያሳብጣቸዋል እንጂ ለያይቶ አያወጣቸውም፤ ያበጠውን መፋቅ የሰው ድርሻ ነው። ፀሐይና አየር የመታው አሮጌ ሙጫ የሚያስቸግረውም መረቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበቀ ስለሚሄድ ነው። ሦስተኛው መስበር ነው። የአመድ ውሃ ወይም ሶዳ ስብን ሲያስለቅቅ ስቡን አሟሙቶ ሳይሆን ሰብሮ ወደ ሳሙና ለውጦ ነው። በዚህ ጊዜ የወጣው ነገር ቀድሞ የነበረው አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በማስለቀቂያው ውስጥ ያገኘነው ነገር በጠርሙሱ ላይ የነበረው ሁሉ አይደለም፤ ያ ማስለቀቂያ ሊያወጣው የቻለው ብቻ ነው። ጠርሙሱን በውሃ ብቻ ያጠበ ሰው ያጠበበትን ውሃ መርምሮ «በዚህ ጠርሙስ ላይ ሙጫ አልነበረም» ቢል ይሳሳታል፤ ስሕተቱም የዓይን ሳይሆን የማሟሚያ ነው።

፪. ሁለቱ ገጾች

ሚለር ሙከራውን ያደረገው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ሃሮልድ ዩሪ ተማሪ ሆኖ ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ይኸውም ከብዙዎቻችን የማይርቅ ዕድሜ ነው። በአንድ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ አፈላ፤ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ጨመረ፤ እንፋሎቱ 5 ሊትር ወደሚይዘው ትልቅ ብልቃጥ ሲወጣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ መካከል እንዲያልፍ፣ ከዚያም ቀዝቅዞ ወደ ውሃው እንዲመለስ አደረገ። ይህ ሳያቋርጥ አንድ ሳምንት ቆየ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ውሃው ሐምራዊ ሆነ፤ በሳምንቱ መጨረሻም በጣም ቀላና ደፈረሰ።

እንግዲህ ቀለሙ ምን ነበር? ሚለር ይህን አልሸሸገም። ድፍርሱ ባብዛኛው ከብርጭቆው ሟሙቶ የወጣ ደቃቅ ሲሊካ መሆኑን፣ ቀዩም በዚያ ሲሊካ ላይ የተጣበቁ የካርቦን ውሑዶች መሆናቸውን ገልጾአል። ከዚህም ሌላ ቢጫ የሆኑ ነገሮች እንደ ነበሩ፣ በኤተር ለማውጣት ሲሞከርም የወጣው ጥቂቱ ብቻ እንደ ሆነ፣ በወረቀት ክሮማቶግራፊ ሲፈተኑም እንደ አሚኖ አሲዶቹ ነጠብጣብ ሆነው በመለየት ፈንታ አንድ የተያያዘ መስመር ሆነው እንደ ተጐተቱ ጽፏል። በክሮማቶግራፊ ላይ ነጠብጣብ ማለት አንድ ስም ያለው ነገር ማለት ነው፤ የተጐተተ መስመር ግን ብዙ ዓይነት ነገር በአንድነት ተቀላቅሎ «አልለይም» ሲል ነው። የጠርሙሳችንን ሙጫ ያስታወሰኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ቀጥሎ ያለው የአሠራር ክፍል ደግሞ በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። ሚለር ፈሳሹን ካወጣ በኋላ ጥቃቅን ነፍሳት እንዳይበቅሉበት መርኩሪክ ክሎራይድ ጨመረ፤ በባሪየም ሃይድሮክሳይድ አክርሮ አየር በሌለበት ዕቃ በማትነን አሚኖችን አስወገደ፤ በሰልፈሪክ አሲድ አኩርቶ እንደ ገና በማትነን ተናኝ አሲዶችን አስወገደ፤ ከዚያም እንደ ገና በባሪየም ሃይድሮክሳይድ አስታርቆ፣ አጣርቶ፣ አወፈረው። ይህ ሁሉ ድካም የአሲድንም የቤዝንም ጠባይ በአንድነት የያዙ ነገሮች ብቻ እንዲቀሩ የታቀደ ነው። አሚኖ አሲዶች ከእነዚህ ወገን ናቸው። እንደ ተጠበቀውም ግላይሲን፣ አልፋ አላኒንና ቤታ አላኒን በማያጠራጥር ሁኔታ ተገኙ፤ ሁለት ሌሎችም በጥርጣሬ ተመዘገቡ።

በቤት ቋንቋ እንናገር ብንል፣ ሚለር ላምባውን የመረጠው ሙጫው ላምባ የሚወድ መሆኑን አስቀድሞ ገምቶ ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም። ጥያቄ የሌለው ሰው ምንም አያገኝም፤ ጥያቄ ያለው ደግሞ ለጥያቄው የሚስማማውን ማሟሚያ ይመርጣል። ነቀፋው የሚጀምረው አንባቢው ይህን ምርጫ ሲረሳና በወረቀቱ ላይ የታየው ነጠብጣብ በብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ሁሉ እንደሚወክል አድርጎ ሲያስተላልፍ ነው።

፫. ሥዕሉ የጣለው

ሚለር እ.ኤ.አ. በ1955 ሰፋ ያለ ዘገባ ሲያወጣ መጠኖቹንም ሰጠ። በሚቴን መልክ ከገባው ካርቦን ውስጥ ግላይሲን የሆነው ከመቶ 2 ያህል ነው። ተለይተው ስም የወጣላቸው ውሑዶች ሁሉ ቢደመሩ ከመቶ 15 አካባቢ ይሆናሉ። ከቀረው ውስጥ ብዙው ዝፍት መሰል ነገር ሆኖ ቀርቶአል። የመማሪያ መጽሐፉ ቀስት ግን ወደ 2ቱ ብቻ ያመለክታል። ለልጆች የሚሣል ሥዕል ሁሉን ይያዝ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙውን ጥሎ ጥቂቱን ያስቀረ ሥዕል ቢያንስ መጣሉን ሊናገር ይገባል።

የተጣለው ነገር ችላ የሚባል አለመሆኑን ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች ያሳያሉ። ሚለር በ2007 ካረፈ በኋላ፣ ከአሮጌ ሙከራዎቹ ጠብቆ ያቈያቸው ትንንሽ ጠርሙሶች በአዲስ መሣሪያ ተመረመሩ። በ2008 በወጣው ውጤት መሠረት እንፋሎት በኃይል በሚረጭበት መሣሪያ ከተገኘው ናሙና 22 አሚኖ አሲዶች ተለዩ። ነገሮቹ በ1953ም እዚያው ነበሩ፤ የጎደለው የሚያወጣቸውና የሚያያቸው ዘዴ ነው። በ2021 ደግሞ በስፔንና በኢጣሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን በብርጭቆ፣ በቴፍሎን፣ እንዲሁም የብርጭቆ ስብርባሪ በተጨመረበት ቴፍሎን ዕቃ ደገሙት። ብርጭቆ ባለበት የተገኘው የውሑድ ብዛትና ዓይነት ከቴፍሎኑ ይልቅ እጅግ የበዛ ሆነ። የከረረው ፈሳሽ የብርጭቆውን ግድግዳ ያሟሟል፤ የሟሟው ሲሊካም ሥራውን ያግዛል። ሚለር በ1953 በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነሣው ደቃቅ ሲሊካ እንግዲህ የዕቃ ጕድፍ ብቻ አልነበረም፤ ከሙከራው ተካፋዮች አንዱ ነበር። ሥዕሉ ግን ብልቃጡን የሚያሳየን እንደ ባዶ ግድግዳ ነው።

፬. አጣቢ በሌለበት ምድር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በቤተ ሙከራ ዝፍቱን የሚያጥብ ሰው አለ። በጥንቷ ምድር ግን ባሪየም ሃይድሮክሳይድ የሚያፈስ፣ የሚያጣራ፣ ብልቃጥ የሚለውጥ አልነበረም።

ይህን ችግር በገዛ እጄ አይቼዋለሁ። የሩሲያው ሊቅ ቡትሌሮቭ በ1861 ፎርማልዲሃይድ ከኖራ ጋር ሲሞቅ የስኳር ዓይነቶች እንደሚገኙ አሳይቶ ነበር። እኛም ይህንኑ ለልምምድ ሠራን። ፈሳሹ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቈይቶም እንደ ተቃጠለ ስኳር ከብልቃጡ ግርጌ ጋር ተጣበቀ። እኔም በሪፖርቴ ላይ «ስኳሮች ተገኝተዋል፤ የቀረው ቆሻሻ ነው» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ቆሻሻው በምን ታጠበ?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። የታጠበው በአሸዋና በሽቦ እንደ ነበረ ለመናገር አፈርሁ። ቈይቼ እንደ ተረዳሁት ግን ጥያቄው የንጽሕና ጥያቄ አልነበረም። ስኳሩ የተገኘበት መንገድና ስኳሩ ወደ ዝፍት የሚለወጥበት መንገድ አንድ ነው፤ ባይቋረጥ ኖሮ የሚቀረው ዝፍቱ ብቻ ነበር። ያቋረጥሁትም እኔ ነኝ። አሜሪካዊው ኬሚስት ስቲቨን ቤነር ይህን የ«ሬንጅ ችግር» ይሉታል፤ የካርቦን ውሑዶች ኃይል እየተሰጣቸው እንዲሁ ቢተዉ ወደ ሕይወት ሳይሆን ወደ ሬንጅ ይሄዳሉ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ በዚህ መስክ በኋላ የተሠራው ከፍተኛ ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ቤነርና ባልደረቦቻቸው በ2004 ቦሮን ያለባቸው ማዕድናት ራይቦዝ የተባለውን ስኳር ይዘው ከመበላሸት እንደሚያቈዩት አሳዩ። በእንግሊዝ አገር በሳዘርላንድ የሚመራው ቡድን በ2009 ከአር ኤን ኤ ፊደላት ሁለቱን ነጻ ስኳር በሌለበት መንገድ ሠራ፤ በመንገዱ ላይ ካሉት ውሑዶች አንዱም ሲሞቅ ተንኖ በቀዝቃዛ ስፍራ እንደ ውርጭ የሚያርፍ ስለሆነ ከጕድፉ ራሱን ሊለይ ይችላል ተባለ። እነዚህ መልካም መልሶች ናቸው። ይሁን እንጂ አንባቢው እዚህም የመምህሬን ጥያቄ ይጠይቅ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል በምን ታጠበ? አጣቢው ዝናብ፣ ፀሐይ ወይም ማዕድን ከሆነ መልሱ ለምድር ይሆናል፤ የሰው እጅ ከሆነ ገና ይቀራል።

፭. ስለ ተቃራኒው ስሕተት

ይህን አሳብ በሴሚናራችን ባቀረብሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «እንግዲያውስ ሁሉ ነገር ዝፍት ብቻ ነው፤ ሙከራው ምንም አላሳየም» አለ። ይህም ትክክል አይደለም። የተጣበቀውን ረስቶ የጠራውን ብቻ መቍጠር ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ የተጣበቀውን አይቶ የጠራውን መካድም ስሕተት ነው። የጥንቷ ምድር አየር ከሚለር ጋዞች ይልቅ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በናይትሮጅን የበዛ ነበረ የሚለውም አስተያየት ጽኑ ነው፤ ቢሆንም ዝፍቱንና አሚኖ አሲዱን አንድ ላይ የሚሠራው የሚለር ብልቃጥ ብቻ አይደለም።

በ1969 በአውስትራልያ መርቺሰን አጠገብ የወደቀውን ድንጋይ እንመልከት። በውስጡ ካለው የካርቦን ውሑድ አብዛኛው፣ ከመቶ ከ70 የሚበልጠው፣ በውሃም በአሲድም በማናቸውም ማሟሚያ የማይሟሟ ነው፤ ፀሐይ እንደ መታው ሦስተኛው ጠርሙሳችን ማለት ነው። ሆኖም በ1970 ሊቃውንት ድንጋዩን ፈጭተው በሙቅ ውሃ ቢያወጡት አሚኖ አሲዶች ተገኙበት። ዴቪድ ዲመር ደግሞ በ1985 ያንኑ ድንጋይ በሌላ ዓይነት፣ ቅባትን በሚያሟሟ ፈሳሽ ቢያወጡት፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ሕዋስ ሽፋን ያለ ትንንሽ ከረጢት የሚሠራ ነገር አገኙ። ድንጋዩ አንድ፣ ማስለቀቂያው ሁለት፣ መልሱም ሁለት! በውሃ ብቻ ቢመረመር ኖሮ ስለ ከረጢቱ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ዝፍት ብለን ከምንጥለው ውስጥ አንዳንዱ ሕይወት ለመከለያ የፈለገው ነገር ሊሆን ይችላል። በ2023 ከቤኑ አስትሮይድ ወደ ምድር በመጣው ናሙና ውስጥም፣ በ2025 እንደ ተገለጸው፣ ሕያዋን ለፕሮቲን ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተዋል። እዚያ ብልቃጥ የያዘ ተማሪ አልነበረም።

፮. የብርቱካን ልጣጭ

ከመደምደሜ በፊት ወደ ማስለቀቂያዎቹ ልመለስ፤ ከእነርሱ አንዱ ለዚህ ጥያቄ ያልታሰበ ምስክር ሆኖ አግኝቼዋለሁና። የብርቱካን ልጣጭ ሲጨመቅ የሚረጨው ዘይት የጠርሙስ ሙጫን በደንብ ያላላል። በአሜሪካ ለዚሁ ተግባር በጠርሙስ የሚሸጠው ጉ ጎንም የብርቱካን ዘይትን ከነዳጅ ዘይት ውጤት ጋር የቀላቀለ ነው። የብርቱካኑ ዘይት ከመቶ ከ90 የሚበልጠው ሊሞኒን የተባለ፣ 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት ውሑድ ነው። ሊሞኒን እንደ ጫማ የቀኝና የግራ አለው፤ ሁለቱ በአቶሞቻቸው አንድ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በብርቱካን ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀኙ ነው። ያንኑ ሊሞኒን ያለ ዛፍ፣ በሙቀት ብቻ ሁለት የአይሶፕሪን ሞለኪዩሎችን አጋጥመን ብንሠራው ግን ቀኙና ግራው እኩል ይሆናል። ሙጫውን ለማላላት ሁለቱም አይለያዩም፤ ፖላራይዝድ ብርሃንን በማዞር ግን ይለያያሉ፤ የብርቱካኑ ያዞረዋል፣ የእሳቱ አያዞረውም።

በሚለር ዓይነት ሙከራ የሚገኘውም አላኒን እንዲሁ የቀኙና የግራው እኩል ድብልቅ ነው፤ የቤኑ አሚኖ አሲዶችም ወደዚሁ የቀረቡ ናቸው፤ በመርቺሰን በአንዳንዶቹ ላይ የግራው ጥቂት ብልጫ ታይቶአል። በፕሮቲኖቻችን ውስጥ ያለው ግን የግራው ነው። ብልጭታ አሚኖ አሲድ መሥራት ይችላል፤ ወገን መምረጥ አልቻለም። በአንድ የብርቱካን ልጣጭ ያለው ምርጫ በዚያ ሁሉ ቀይ ውሃ ውስጥ አልነበረም። ከኬሚስትሪ ወደ ሕይወት የሚወስደው መንገድ ምን ያህል እንደ ቀረው ለመለካት ከዚህ የቀለለ መለኪያ አላውቅም።

መደምደሚያ

የሚለር ሁለት ገጾች ከ70 ዓመት በላይ አልፎአቸው ዛሬም የሚነበቡ ናቸው፤ ታላቅነታቸውም ባገኙት ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ አይደለም፤ ያልተለየውንም እንዳልተለየ አድርገው በመመዝገባቸው ነው። ያን ዓረፍተ ነገር የዘለልነው እኛ ነን። የዘለልነውም በክፋት አይደለም፤ ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ሙከራችን ጀምሮ ማርክ የሚሰጠን በወጣው ንጹሕ ነገር ስለ ሆነ ነው። በተማርሁበት ትምህርት ቤት የታጠበ ብልቃጥ ራሱ ማርክ ነበረው፤ በብልቃጡ ላይ ምን እንደ ነበረ ግን የጠየቀን የለም።

ስለዚህ ለመሰል ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን አንድ ትንሽ አሳብ አቀርባለሁ። በልምምድ ሪፖርታችን ላይ «የተገኘው መጠን» ከሚለው መስመር በታች አንድ መስመር ይጨመር፤ ምን ተጣብቆ ቀረ? በምንስ ታጠበ? እኔ የፎርማልዲሃይዱን ሪፖርት በዚህ ዓይነት እንደ ገና ጽፌ አቅርቤአለሁ። የስኳሩ ክፍል ሦስት መስመር ሲሆን የዝፍቱ ክፍል አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።